ዲስፕራክሲያ እንዳለብኝ በአዋቂነቴ ታወቀ፤ አሁንስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳና አካባቢዋ ሆነው የምርመራ ውጤታቸውን ይዘው «ቀጥሎስ?» ለሚሉ አዋቂዎች የተዘጋጀ ነው፤ ከቀላሉ ጥያቄ ይጀምራል።

ዲስፕራክሲያ በአጭሩ ምንድን ነው?

ከልጅነት ጀምሮ የሚኖር፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ የማቀድና የማቀናጀት ችግር ነው። ጡንቻው ጤነኛ ነው፤ የማሰብ ችሎታም በዚህ ምክንያት አይቀንስም። የሚያስቸግረው እጅ፣ እግርና ዓይን ተባብረው የሚሠሩትን ሥራ መልመድና ሳያስቡ እስኪሠሩት ድረስ ማድረስ ነው፦ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ቡና ሳያፈሱ መቅዳት፣ የተወረወረ ኳስ መቅለብ፣ መስመር ጠብቆ መጻፍ፣ የበሩን ጠርዝ በትከሻ ሳይገጩ ማለፍ። ብዙዎች ጊዜን መገመት፣ ዕቃን ከቦታው መመለስና የሥራን ቅደም ተከተል መያዝም ይከብዳቸዋል።

የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምርመራ መመሪያ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 11 ዓመት ከሆኑ ልጆች መካከል ከ5 እስከ 6 በመቶ የሚሆኑት ይህ ሁኔታ እንዳለባቸው ይገምታል። 60 ተማሪ በሚቀመጥበት ክፍል ሦስት ልጆች ማለት ነው። ሦስቱም «ጽሑፍህን አስተካክል» እየተባሉ ያድጋሉ።

ከልጅነቴ የነበረ ከሆነ እንዴት እስከ ዛሬ ማንም አላወቀውም?

ታይቶ ነበር፤ የተሰጠው ስም ግን ሌላ ነበር። እንዝህላል፣ ዝርክርክ፣ ገልጃጃ፣ ቀልብ የሌለው። ብዙ ደብተር የሚያርም መምህር አንዱ ተዝረክርኮ ሲያገኘው ባለቤቱ ያልጣረ ይመስለዋል። የዚያ ልጅ ጥረት ከሌሎቹ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ከደብተሩ ላይ አይነበብም።

ሌላው ምክንያት እርስዎ ራስዎ ጎበዝ ደባቂ መሆንዎ ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ራስ ምታት ይይዝዎታል፤ ሠርግ ላይ እስክስታው ሲደምቅ ፎቶ አንሺ ይሆናሉ፤ እንግዳ ሲመጣ ቡና መቅዳቱን ለእኅትዎ ይተዋሉ። እንዲህ ያለው ዘዴ ለዓመታት ያዋጣል። የማያዋጣው ኑሮ ሲለወጥ ነው፦ አዲስ ሥራ፣ ትዳር፣ አራስ ልጅ፣ መኪና መማር። አንዳንዱ ደግሞ ልጁን ለምርመራ ወስዶ ሐኪሙ ሲጠይቀው የራሱን ታሪክ ሲናገር ራሱን ያገኘዋል።

ይድናል? የሚዋጥ መድኃኒትስ አለው?

ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው ሕክምና የለም፤ መድኃኒትም የለውም። ቫይታሚን፣ ልዩ ዘይት ወይም «የአእምሮ ማጠንከሪያ» እሸጥልዎታለሁ የሚል ቢመጣ ገንዘብዎን ይያዙ። ብዙ ጊዜ ከዲስፕራክሲያ ጋር አብሮ የሚገኝ የትኩረት ማነስ ካለብዎ ለእርሱ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት አለ፤ የሚረዳው ግን ትኩረቱን ነው።

ይህ ማለት ባሉበት ይቀራሉ ማለት አይደለም። አንድን የተወሰነ ሥራ በማንኛውም ዕድሜ መማር ይቻላል፤ የሚፈልገው ረዘም ያለ ጊዜና በደንብ የተከፋፈለ ልምምድ ነው። ቤተሰብ «ጸበል እንውሰድህ» ካለ ደግሞ እምነቱ የራስዎ ጉዳይ ነው። ጸበሉም ሕክምናው አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ውጤቱን ይዤ ከሐኪም ቤት ወጣሁ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሙሉ የጽሑፍ ሪፖርት ይጠይቁ። ስሙ ብቻ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አይበቃም። ሪፖርቱ ምን ምን ፈተና እንደተደረገልዎ፣ ይበልጥ የሚቸግርዎ ሚዛን መጠበቅ ይሁን የጣት ሥራ ወይስ ዕቅድ፣ እንዲሁም የትኞቹ ሌሎች ሕመሞች ታይተው እንደተሰረዙ መናገር አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቀምበት የሕመሞች መለያ ኮድም ይስፈርበት፤ በአሥረኛው እትም ኤፍ82፣ በአሥራ አንደኛው እትም 6ኤ04 ነው። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ዲስፕራክሲያ የሚለውን ቃል ሰምቶት ባያውቅ እንኳ ኮዱን ፈልጎ ያገኘዋል። ሪፖርቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ። ወረቀት የሚጠፋብዎ ሰው ከሆኑ፣ ከሆኑም አይገርምም፣ አንዱን ቅጂ ለሚያምኑት ሰው ይስጡ።

ቀጥሎ ዓይንዎን ይታዩ። መነጽር የሚያስፈልገው ሰው ያለ መነጽር ሲንቀሳቀስ መደናቀፉ ስለማይቀር የትኛው ችግር ከየት እንደመጣ ለመለየት ይረዳል። የትኩረት ማነስ፣ የማንበብ ችግር፣ ኦቲዝም ወይም ጭንቀት አብሮ እንዳለ የሚያጠራጥርዎ ነገር ካለም አሁኑኑ ይናገሩ።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ምንም ትልቅ ውሳኔ አይወስኑ። ሥራ ለመልቀቅም፣ ለአለቃ ለመናገርም፣ ከቤተሰብ ጋር የቆየ ሒሳብ ለመተሳሰብም አይቸኩሉ። ይልቅ በየቀኑ ያስቸገረዎትን ሥራ በስልክዎ ይመዝግቡ፤ በጽሑፍ ከከበደዎ በድምፅ ይቅዱት። ይህ ዝርዝር ከየትኛውም ባለሙያ ፊት ሲቀርቡ ከሪፖርቱ እኩል ይጠቅምዎታል።

ሐዋሳ ውስጥ ማን ዘንድ ልሂድ?

«የዲስፕራክሲያ ክፍል» የሚል ሰሌዳ ፍለጋ ከተማውን አይዙሩ። የሚፈልጉት የክፍል ስም ሳይሆን ሦስት ዓይነት ባለሙያ ነው። ፊዚዮቴራፒስት በሚዛን፣ በአቋምና በጉልበት ላይ ይሠራል። የሥነ ልቦና ወይም የሥነ አእምሮ ባለሙያ ጭንቀቱንና ለዓመታት የተጠራቀመውን ስሜት ይረዳል። ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚገጥመው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ነው፤ ሥራው ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲወጣ ማስቻል ነው። ሙያው በአገራችን አዲስ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ያስተምረዋል፤ የተመረቁትም ገና ጥቂት ናቸው።

በከተማዋ ትልቁ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ስለሆነ ከዚያ ቢጀምሩ ጥሩ ነው። ባለሙያው ፊት ሲቀመጡ «ዲስፕራክሲያ አለብኝ» ብለው አያቁሙ። ሦስት ተግባር ይዘው ይሂዱ፦ «ደረጃ ስወርድ ሚዛኔን እስታለሁ፣ ትንሽ እንደጻፍኩ እጄ ይዝላል፣ ሙሉ ብርጭቆ ይዤ መሄድ አልችልም።» ስለ ዲስፕራክሲያ ሰምቶ የማያውቅ ፊዚዮቴራፒስት እንኳ ከዚህ ተነሥቶ መሥራት ይችላል። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቀጠሮ መመላለስ ያደክማል፤ እዚያ ያሉ ባለሙያ የሚከታተሉዎት ከሆነ የመጀመሪያውን በአካል፣ ቀጣዩን በስልክ ወይም በቪዲዮ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

ሁሉንም እየተለማመድኩ ላሻሽል ወይስ የማልችለውን ልተወው?

ከምርመራ በኋላ ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ለእኔ ይህ ነው። ውጤቱ እጅዎን አልቀየረውም፤ የቀየረው ጉልበትዎን የት እንደሚያውሉ የመምረጥ መብትዎን ነው። እስከ ትናንት ሁሉንም ነገር እንደ ሰው ለማድረግ ሲታገሉ ነበር። አሁን የመዘገቡትን ዝርዝር ያውጡና እያንዳንዱን ተግባር ይጠይቁት፦ ይህን በእጄ መሥራት ለእኔ ግድ ነው? በሌላ መሣሪያ ይሠራል? ሌላ ሰው ቢሠራውስ ምን ይጎድልብኛል? ለልምምድ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ያስቀሩ። የቀረውን በዘዴ ይለፉት፣ ወይም ይተዉት።

የሚለማመዱትን ደግሞ ራሱን ተግባሩን ይለማመዱ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የሕክምና ምክረ ሐሳብም የሚደግፈው ይህንኑ ተግባር ላይ ያተኮረ ልምምድ ነው። ኳስ በመወርወር የሲኒ አያያዝ አይሻሻልም። በካናዳ ሔለን ፖላታይኮ እና አንጀላ ማንዲች ያዳበሩት ኮ-ኦፕ የተባለው ዘዴ አራት እርምጃ አለው፦ ግብ፣ ዕቅድ፣ ድርጊት፣ ማጣራት። ግቡ አራት ብርጭቆ ሻይ በትሪ ይዞ ከወጥ ቤት ሳሎን መድረስ ነው እንበል። ዕቅዱ፦ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ መሙላት፣ ትሪው ላይ እርጥብ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ክርንን ከጎን ማስጠጋት፣ ዓይንን ከብርጭቆው አንሥቶ ወደሚሄዱበት ማድረግ። ከዚያ ይሞክሩት። ከፈሰሰ «አልችልም» ብለው አይዝጉት፤ የት ላይ እንደፈሰሰ ያጣሩ። ደፉ ላይ ከሆነ የሚቀየረው አካሄድዎ ነው፤ ሲያስቀምጡ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ አስቀድመው ቦታ አለማስለቀቅዎ ነው።

ወጥ ቤት ገብቼ ሳላቃጥል፣ ሳልቆርጥ፣ ሳልሰብር መውጣት አልቻልኩም። ምን ይሻላል?

ከቢላዋ እንጀምር። መክተፊያው እንዳይንሸራተት ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ ያንጥፉ። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ለሁለት ይሰንጥቁትና ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ታች ያድርጉት፤ የሚንከባለል ነገር መቁረጥ ለእርስዎ አይደለም። እጀታው ወፍራም የሆነ ቢላዋ ከቀጭኑ ይሻላል፤ ስለቱም ይሳል፤ የደነዘ ቢላዋ ይበልጥ ያስገፋል፣ ሲያስገፋም ያመልጣል። ለዶሮ ወጥ የሚሆን የሽንኩርት ክምር ሲመጣ ግን ጀግንነቱን ትተው በመፈቅፈቂያ ወይም በማሽን ይፍጩት። ቀይ ወጥ ላይ ልዩነቱን የሚያውቅ አማት ካለ እርሷው ትክተፍ።

እንጀራ ከባዱ ነው፤ ሁለት እጅ፣ ዓይንና ፍጥነት በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። ሊጡን አፉ ሹል በሆነ ጆግ ያድርጉት፤ ከዳር ጀምረው ወደ መሐል ይዙሩ፤ ኤሌክትሪክ ምጣዱ ወገብዎ ላይ በሚደርስ ቁመት ይቀመጥ። ሲወጣ በእጅ ከመጎተት ይልቅ ስስ ሰፌድ ከሥሩ ያስገቡ። በልምምድ የሚመጣ ነገር ነው፤ ነገር ግን በዝርዝርዎ ላይ «ግድ ነው» ካላሉት እንጀራ ይግዙ። ሐዋሳ ውስጥ ከሱቅ እንጀራ ገዝቶ የሚበላው ቤተሰብ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ዲስፕራክሲያ የለበትም።

ቡና ላይ ግን ብዙ ሰው እጅ መስጠት አይፈልግም፤ ይገባኛል። ጀበናውን ሙሉ አያፍሉት፤ ሲከብድ አንጓ ይንቀጠቀጣል። ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ አራርቀው ይደርድሩ። ያለ ማቋረጥ ከአንዱ ወደ ሌላው መቅዳት ያምራል፤ እርስዎ ግን አንዱን ቀድተው ጀበናውን ቀና አድርገው ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። ሁለተኛ እጅዎ በጨርቅ ይዞ ከሥር ይደግፈው። ተቀምጠው ሲቀዱ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ማሳረፍም ይረዳል። ጉርሻን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፦ ትንሽ ይጠቅልሉ፣ ተጎራሹ ራሱ ቀርቦ አፉን ያምጣ።

ዓሣ ገበያ ወይም አሞራ ገደል ሲጋበዙ ደግሞ እሾህ መልቀሙ ካሰለቸዎ የተጠበሰውን ሙሉ ዓሣ ለወዳጆችዎ ይተዉና ጉላሽ ይዘዙ።

ባንክ ስሄድ ፊርማዬ አይመሳሰልም እየተባልኩ እመለሳለሁ። ምን ላድርግ?

ይህ ተደጋግሞ የሚነሣ ነው፤ የማይረባ ጉዳይም አይደለም። ደመወዝን ከማውጣት ያግዳል፤ ቼክ ያስመልሳል። የዲስፕራክሲያ ፊርማ በየጊዜው የሚለያየው እጅ ተመሳሳይ እንቅስቃሴን በተመሳሳይ መጠንና ፍጥነት መድገም ስለሚከብደው ነው። ፊርማው በተወሳሰበ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል፤ በአሥራ ስምንት ዓመታችን ለጌጥ ብለን ያጠማዘዝነው ፊርማ ዕዳ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አጭርና ቀላል ፊርማ ይፍጠሩ፤ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ያለ ጭራ ይበቃል። ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ በአንድ ዓይነት እስክሪብቶ ለጥቂት ሳምንታት ይለማመዱት። ከዚያ መታወቂያዎንና የሐኪም ሪፖርቱን ይዘው ቅርንጫፍዎ ይሂዱና ባንኩ ዘንድ ያለው የፊርማ ናሙና እንዲቀየርልዎ ይጠይቁ። ሲጠይቁ በመስኮት ቆመው ከሰልፉ ጋር ከመታገል ወደ ኃላፊው ጠረጴዛ ሄደው ተቀምጠው ያስረዱ፤ ናሙናውንም እዚያው ተቀምጠው ይፈርሙ። ለዕለት ተዕለት ወጪ ኤቲኤም ካርድ፣ የባንኩን የሞባይል መተግበሪያ ወይም ቴሌብርን ይጠቀሙ፤ እነዚህ የሚስጥር ቁጥር እንጂ ፊርማ አይጠይቁም። የቀበሌና የመሥሪያ ቤት ቅጾችን ደግሞ አስቀድመው ወስደው ቤት ይሙሉ፤ ሰው ከኋላ ቆሞ እያየ የተጻፈ ቅጽ ሁልጊዜ ይበላሻል።

ሐዋሳ እየኖርኩ ብስክሌት አለመንዳቴ ያሳፍረኛል። መኪናስ ልማር እችላለሁ?

ሜዳ ከተማ ስለሆነች ሰው ሁሉ በብስክሌት ሲፈስ ማየት ያስቀናል። ለአዋቂ የሚሻለው ፔዳሉን ማስፈታት ነው። ኮርቻው ሁለቱም እግርዎ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በእግር እየገፉ መንሸራተት ብቻ ይለማመዳሉ። ሚዛኑ ሲመጣ ፔዳሉ ይመለሳል። ሚዛንና መርገጥን በአንድ ላይ መማር ነው የሚያከሽፈው። ባጃጅ የሚበዛበትን መንገድ ይራቁ፤ እሑድ ማለዳ ጭር ያለ የሰፈር መንገድ ይፈልጉ። ካልሆነም ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት አለ።

ዲስፕራክሲያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች መኪና ይነዳሉ፤ ለመማር ግን ረዘም ያለ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ዋናው ፈተና ፍሪሲዮን፣ ማርሽና መሪ በአንድ ጊዜ መጠየቃቸው ነው። የሚነዱት መኪና አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ከሆነ ግማሹ ሸክም ይወርዳል። በመንጃ ፈቃድ ፈተናው ምን ዓይነት መኪና እንደሚቀርብ ከመመዝገብዎ በፊት ማሠልጠኛውን ይጠይቁ። አሠልጣኙንም ከመጀመሪያው ቀን «አንድ በአንድ ንገረኝ፤ ሁለት ትእዛዝ በአንድ ላይ አትስጠኝ» ይበሉት። የሚጮህ አሠልጣኝ ከሆነ ይቀይሩት፤ ጩኸት ማንንም አላስተማረም፣ እርስዎን ደግሞ ጨርሶ ያደነዝዛል። ርቀትና ፍጥነት መገመት ከበዛ ልምምድ በኋላም ካልመጣ መተው ይቻላል። ባጃጅ በደጅዎ ያልፋል።

ከባድ ሥራ ሳልሠራ ለምን እንዲህ ይደክመኛል?

ሌላው ሰው ሳያስበው የሚያደርገውን እርስዎ እያሰቡ ስለሚያደርጉት ነው። ደረጃ መውረድ፣ መንገድ መሻገር፣ ማንኪያ መያዝ ሁሉ ትኩረት ይበላል፤ ማታ ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው።

ከባድ የእጅ ሥራዎችን በአንድ ቀን አይደርድሩ። የፊቼ ጫምባላላ ወይም የገና ዋዜማ ላይ ገበያውም፣ ጽዳቱም፣ ምግቡም በአንድ ሰው ላይ ሲወድቅ የሚሰበረው ሳህን ብቻ አይደለም። መደበኛ እንቅስቃሴም ይረዳል፤ ኳስና ተጫዋች የሌለበትን ይምረጡ። በሐይቁ ዳር ማለዳ መሄድ ጥሩ ነው። ታቦር ተራራ መውጣቱ ይሆናል፤ ሲወርዱ ግን ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ዱላ ይያዙ።

ለቤተሰቤ እንዴት ልንገር? «ሰበብ ነው» ቢሉኝስ?

ከሚሰሙዎት አንድ ሰው ይጀምሩ፤ በተሰበሰበ ቤተሰብ ፊት አይደለም። ለእናት የሚነገረው አጭር ቢሆን ይሻላል፦ «እማዬ፣ ሳህን የሚወድቅብኝ ስለማልጠነቀቅ አይደለም። ሰውነቴ እንቅስቃሴ ማቀናጀት ያስቸግረዋል፤ ከልጅነቴ የነበረ ነው፤ ሐኪም አይቶኛል።» «የአእምሮ» የሚለው ቃል ብዙ ሽማግሌ ጆሮ ውስጥ እብደት ሆኖ ስለሚገባ በመጀመሪያው ንግግር ባይነሣ ይመረጣል። ሰበብ ነው የሚል ቢነሣ አይከራከሩ። የሚፈልጉትን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ስቀዳ አትቸኩሉብኝ።» ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው ብዙ ጊዜ ያ አንድ ነገር ሲሠራ አይቶ ነው።

የትዳር ጓደኛ ጋር ንግግሩ ይለያል፤ እዚያ ሥራ መከፋፈል አለ። አንዱ ብርጭቆ ካጠበ ሌላው ሒሳብ ይያዝ፣ ልጅ ያስጠና፣ ገበያ ይሂድ። የማይችሉትን ሥራ ሲሰጡ በምትኩ የሚወስዱትን ይዘው ይቅረቡ። ታዋቂ ሰው ምሳሌ ካስፈለገ ብሪታኒያዊው ተዋናይ ዳንኤል ራድክሊፍ ቀለል ያለ ዲስፕራክሲያ እንዳለበትና የጫማ ክር ማሰር እንደሚያስቸግረው በ2008 እ.ኤ.አ. ተነግሯል።

ለአሠሪዬ መናገር አለብኝ? ሕጉስ ይጠብቀኛል?

የመናገር ግዴታ እንዳለብዎ አድርገው አይውሰዱት፤ ማሽን፣ ተሽከርካሪ ወይም የሚፈላ ነገር የሚይዙበት ሥራ ከሆነ ግን ለራስዎና ለባልደረባዎ ደኅንነት ሲባል ቢናገሩ ይሻላል። ሲናገሩ ከስሙ ይልቅ ሥራውን ያስቀድሙ፦ «ቃለ ጉባኤ በእጅ ስጽፍ እዘገያለሁ፤ በኮምፒውተር ብይዝ ዕለቱን አደርሳለሁ።» አስተናጋጅ ከሆኑ ትሪ ከመሸከም ይልቅ ትእዛዝ መቀበልና ሒሳብ መያዝን ይጠይቁ። በስፌት መስመር ላይ ፍጥነት የሚቆጠርበት ሥራ ከሆነ አዲስ ማሽን ለመልመድ ተጨማሪ ቀናት ወይም ወደ ጥራት ቁጥጥር መዛወርን ያንሡ።

አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ይደነግጋል፤ በጉዳት ምክንያት እኩል የሥራ ዕድል የጠበበበትን ሰው ይመለከታል፤ አሠሪው የሥራ ሁኔታውን ተመጣጣኝ በሆነ መንገድ እንዲያመቻችም ይጠይቃል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። በአዋጁ ዲስፕራክሲያ በስሙ አልተጠቀሰም። ስለዚህ ክርክር ቢነሣ ክብደቱ ያለው ሪፖርቱ ላይ ነው፤ የሥራ አቅምዎን እንዴት እንደሚነካ በግልጽ ካልጻፈ ሐኪሙ እንዲጨምርበት ያድርጉ። የእኔ አስተያየት ሕጉን ኪስዎ ውስጥ ይዘው በትንሽ ጥያቄ ይጀምሩ የሚል ነው። ጥያቄውን በቃል ካቀረቡ በኋላ በደብዳቤ አድርገው ቀኑን ጽፈው ቅጂ ያስቀሩ።

ውጤቱን ስሰማ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አሁን ግን እናደዳለሁ፣ አለቅሳለሁ። ትክክል ነኝ?

ነዎት። እፎይታው ቀድሞ ይመጣል፤ ከዚያ በደብተር የተመታው ልጅ ትዝ ይላል። የተገረፈው፣ ከቡድን የወጣው፣ «አንተ ተወው» የተባለው። ቁጣው ተገቢ ነው፤ ለሚመቱትም መምህር፣ ለሚጮሁትም አባት ያኔ የነገራቸው ሰው እንዳልነበረም እውነት ነው። ሁለቱም አብረው ይኖራሉ።

ዲስፕራክሲያ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ጭንቀትና ድባቴ ከሌላው ሰው በበለጠ ይታያል። እንቅልፍ ከጠፋ፣ ከሰው መሸሽ ከበረታ ወይም የመኖር ፍላጎት ከቀነሰ ስለ እጅና እግር ልምምድ ማሰቡን አቁመው መጀመሪያ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ዘንድ ይሂዱ።

ልጆቼ ይወርሱታል?

ዕድሉ አለ። በቤተሰብ ውስጥ ተደጋግሞ ይታያል፤ ይህ ዘረ መል ነው ተብሎ የሚጠቆም አንድ ምክንያት ግን የለም። ያለ ጊዜያቸው ወይም ክብደታቸው ዝቅ ብሎ በተወለዱ ልጆች ላይም ይበዛል። ልጅዎ ዘግይቶ መራመዱ ወይም ማንኪያ መያዝ መቸገሩ ብቻውን ምርመራ አይሆንም፤ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ችግሩ ከቀጠለ የሕፃናት ሐኪም ያሳዩት። ለመምህሩ አስቀድመው ቢናገሩ ልጁ እርስዎ ያለፉበትን ስም ሳይሰማ ሊያድግ ይችላል።

ሌላ ሐኪም «ይህ የልጆች ነገር ነው፤ አዋቂ አይይዘውም» አለኝ። ማንን ልመን?

ግማሹ እውነት ነው፤ አዋቂ ሆኖ አይጀምርም። በልጅነት የጀመረው ግን በብዙዎች ላይ አይጠፋም። የ2013ቱ የአሜሪካ መመሪያ ችግሩ ካለባቸው ልጆች ከ50 እስከ 70 በመቶ በሚሆኑት ላይ እስከ ጉርምስና ድረስ እንደሚቀጥል ይገልጻል። ለአዋቂዎች ተብሎ የተዘጋጀ 40 ጥያቄ ያለው መጠይቅም አለ። ሐኪሙን ከመሞገት ይልቅ ሪፖርቱንና ኮዱን ያሳዩት፤ የድሮ የትምህርት ቤት ካርድ ላይ «ጽሑፉ አይነበብም» የሚል አስተያየት ካለ ይዘው ይሂዱ። እናትዎ በልጅነትዎ ምን ምን እንዳስቸገረዎ ቢያስረዱ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው።

በኢንተርኔት መጠይቅ ብቻ ራስዎን የመረመሩ ከሆነ ግን ሐኪሙ የተጠራጠረው በቂ ምክንያት ይዞ ነው። መጠይቅ ወደ ምርመራ ይመራል እንጂ ምርመራ አይደለም፤ የታይሮይድ፣ የነርቭና የጡንቻ ሕመሞችም ተመሳሳይ መደናቀፍ ያመጣሉ።

አሁን አሁን ሁሉንም ነገር በዲስፕራክሲያ እያሳበብኩ ይመስለኛል። ድንበሩ የት ነው?

ዕቃ መስበር፣ መዘግየት፣ መንገድ መሳት ከእርሱ ሊመጣ ይችላል። ሰውን ማመናጨቅ፣ ቃል አለማክበር፣ ብድር አለመመለስ ከእርሱ አይመጣም። መዘግየት እንኳ ምክንያቱ ቢታወቅም ሰውየው በፀሐይ ቆሞ ጠብቆዎታል፤ ይቅርታው አይቀርም፤ ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት የሚያስታውስ የስልክ ደወልም የእርስዎ ኃላፊነት ነው።

ከዚህ የሚከፋው ስህተት ደግሞ አዲስ የመጣን ሕመም በአሮጌው ስም መሸፈን ነው። ዲስፕራክሲያ ቀስ በቀስ እየባሰ የሚሄድ ነገር አይደለም። ትናንት ይችሉት የነበረውን ዛሬ ካቃተዎ፣ እጅ መንቀጥቀጥ ወይም መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሳይደናቀፉ መውደቅ ከመጣ ሪፖርቱን ይዘው የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና «ይህ አዲስ ነው» ብለው ይናገሩ። ፊት በአንድ ጎን ከወረደ፣ አንድ እጅ ወይም እግር በድንገት ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ ቀጠሮ አይያዝም፤ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይኬዳል።